ስልኩን ማን አገናኘው?

ናኦሚ የአውራ ጎዳናውን መውጫ በፍጥነት ስታልፈው እንየው ቀና ብሎም አላየ። ዓይኑ ጭኑ ላይ ከዘረጋው ደብተር አልተነቀለም።

«ሶሪ ጋሼ፣ ኤግዚቱ አመለጠኝ። ቀጣዩ ጋ ዩ ተርን አደርጋለሁ።»

«ግድ የለም ልጄ። ሰዎቹ መቶ ዓመት ተኝተዋል፤ አምስት ደቂቃ ብንጨምርላቸው አይቀየሙንም።»

እንዲህ ይቀልዳል እንጂ እንየው ከማለዳ ጀምሮ ልቡ ተንጠልጥሎ ነበር። ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቆ ደርቧል። ከኋላ ወንበር ላይ ባለቤቱ የሺሐረግ የቀቀለችው የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ እስከ ድስቱ በሲትቤልት ታስሮ ተቀምጧል። የሚሄዱት ወደ ሙት ዓመት ነው፤ ቢያንስ እንየው ያመነው እንዲያ ነው።

ናኦሚ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ዳላስ ተወልዳ አድጋ፣ ፍሪስኮ ከሚገኙት የመስተዋት ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋ ሲነሣ ደኅና ይሄድና ግማሽ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ አሳፍሮ ይቀጥላል። እንየው ደግሞ ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ታሪክና አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከየሺሐረግ ጋር መጥቶ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ገባ፤ አሁን ግራንድ ፕሬሪ ባለ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይለያል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እጁ ካርቶን ይለይ እንጂ አፉ ገና ከሰሌዳው ፊት አልወረደም፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ቲቸር» የሚሉት ለክብር ይሁን ለመገላገል አይታወቅም።

በመጣ በመንፈቁ አንድ ቤተ መጻሕፍት ከሚያስወግዳቸው መጻሕፍት መካከል ሰማያዊ ሽፋኑ የተላጠ ልብ ወለድ አነሣ። በፈረንጅ 1936 የታተመ፣ ቶሊቨር ስለምትባል የቴክሳስ ትንሽ የጥጥ ከተማ የሚተርክ ነው። ደራሲው የከተማዋ ሐኪም ልጅ ነበር። እንየው በምሳ ዕረፍቱ አንድ ገጽ፣ እሑድ ሦስት ገጽ እያለ በሦስት ዓመት ወደ አማርኛ መለሰው። ሰባት ደብተር ሞላ። አዲስ አበባ ያለች ዓለምሸት የምትባል አሳታሚ ወደደችለት፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የቀረው መቅድሙ ብቻ ነበር። «ሁለት ገጽ ታሪካዊ ዳራ ይጻፉልኝ፤ ስለ ጥጡ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ትንሽ ከተማ ኑሮ» ብላዋለች።

«ቱ ፔጅ ኢዚ ነው እኮ» አለች ናኦሚ መሪውን እያዞረች። «ለምን ይሄን ያህል ቸገረዎት?»

«አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ አጥንት አለ፤ አልዋጥ አለኝ።»

ነገራት። ጊዜው በፈረንጅ 1918፣ ወርኃ ጥቅምት ነው። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ ኅዳር አሥራ ሁለት በየደጃችን ጥራጊ እያቃጠልን የምናስታውሰው ያ ዓለምን ያዳረሰ ጉንፋን፣ ቶሊቨርም ገባ። ሐኪሙ ዶክተር ሃልሲ ብቻውን ነው። የከተማዋ ስልክ ማገናኛ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዶራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በመሰኪያና በገመድ ሰውን ከሰው ታገናኛለች። ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዶራ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውልቃ፣ ከአንድ የስፌት መኪና ሻጭ ጋር በባቡር ትኮበልላለች። የታመመው ሁሉ ሐኪም መጥራት ያቅተዋል። ሠላሳ አንድ ሰው ይሞታል። ልብ ወለዱ ከዚያ በኋላ የሚያለቅሰውም የሚረግመውም በዚህ ነው።

«ኦኬ፣ ሶ ቪለኗ፣ መጥፎዋ ሰው፣ እሷ ናት።»

«ቆይ። በአሥራ አምስተኛው ምዕራፍ፣ በዚያው ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ የዶክተሩ ስልክ ይጮኻል። ከአንድ እርሻ ነው የተደወለው። ዶክተሩ ኮቱን አንሥቶ ይወጣል።»

«ሶ?»

«ሶ ብሎ ነገር! ስልኩን ማን አገናኘው?»

ናኦሚ ስልክ የሚባለውን ከኪስ ወጥቶ ኪስ የሚገባ ዕቃ አድርጋ ነው የምታውቀው። እንየው ግን ወጣት መምህር ሳለ ውጫሌ ላይ እጀታው የሚዞር ስልክ ደርሶበታል። አዙረህ አዙረህ ቴሌ ያለችው ልጅ «ሃሎ» ካላለችህ፣ ሰማይ ቢደፋ ደሴ አይሰማህም። ልጅቷ ምሳ ስትወጣ ወረዳው በሙሉ ዲዳ ይሆናል። እንግዲህ ዶራ ከጠፋች ያ ስልክ መጮኽ አልነበረበትም። ዘጠና ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛ አንባቢ በላዩ ላይ እየተረማመደ ያለፈውን ጠጠር፣ ቃል በቃል እየለቀመ የሚሄድ ተርጓሚ ረገጠው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወስደው አለ።

ቶሊቨርን በካርታ ቢፈልግ አጣት። ጥጥ መዳመጫው፣ ጣቢያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም ፍሪስኮን ተከትለው በመጡት ሕንጻዎችና መንገዶች ተውጠዋል። የተረፈው መቃብሯ ብቻ ነው። እሱንም ያገኘችለት ናኦሚ ናት። «ከኦፊሳችን ፓርኪንግ ጋር የተያያዘ ነው። ኤቭሪ ዴይ እዛ ፓርክ አደርጋለሁ፤ መቃብር መሆኑን ኖቲስ አላደረግኩም ነበር» ብላ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ አንሥታ ላከችለት። «ዓመታዊ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤተሰብና ወዳጅ ሁሉ ይምጣ» ይላል። እንየው አንብቦ ሙት ዓመት ነው ብሎ ፈረደ። ናኦሚም «ያ፣ እንደዛ ነገር» አለች። ሙት ዓመት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም።

መኪናዋ ስትቆም እንየው ድስቱን ታቅፎ ወረደ፤ ወርዶም ደረቀ። በመቃብሩ ግቢ ውስጥ ሰዉ ቁምጣ ለብሷል። ገሚሱ ቅጠል ይጠርጋል፣ ገሚሱ አጥር ይጠግናል። አንድ ሽማግሌ ባለ ወንበር ማጨጃ ላይ ተፈናጦ ሣሩን ይዞራል። በረጅም ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ፣ በትልቅ ማሰሮ ሎሚናት ተደርድሯል። ይሳሳቃሉ። ለካስ ሰዎቹ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው የዘመዶቻቸውን መቃብር እያጸዱ የሚበሉበትና የሚጫወቱበት ቀን ኖሯል። ጥቁር ለብሶ ነጭ የደረበ፣ ድስት የታቀፈ ሰው ሲያዩ ሳቁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

የናኦሚ ፊት በርበሬ መሰለ። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ወደ መኪናው እንመለስ።»

«ለቅሶ ደጅ ደርሶ መመለስ የለም» አለ እንየው። እሱም አፍሯል፤ ግን ያፈረ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። በዓይኑ ትልቁን ሰው ፈለገ። ከአንድ የፔካን ዛፍ ሥር፣ ከአንድ መቃብር ፊት፣ በምትታጠፍ ወንበር ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ እጅግ ያረጁ ሴት አየ። ሄደ፤ ድስቱን አስቀምጦ ከወገቡ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው በአማርኛ። ከዚያ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ዝም አለ።

ወጉ ነው። ሐዘንተኛ ካልተናገረ አያናግሩትም፤ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ናኦሚ ለማስረዳት አፏን ስትከፍት ሴትየዋ እጃቸውን አነሡ፤ ተይው እንደ ማለት። ማጨጃው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። ሴትየዋ ወደ እንየው አንዴ ዘወር አሉ፣ ቆይተውም ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ተናገሩ። እንየው እንግሊዝኛ ከወረቀት ላይ ሲሆን የሚያመልጠው የለም፤ የቴክሳስ አሮጊት አፍ ላይ ሲሆን ግን ምኑም አይያዝለትም። ናኦሚ ልትተረጉም መሐል ገብታ ተንበረከከች።

«እናቴን ያውቋት ነበር?» ነበር ያሉት።

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ለማን ነው የተቀመጡት?»

«ለእርስዎ።»

አሮጊቷ ወደ መቃብሩ ድንጋይ ዞሩ። «እናቴ ከሞተች አርባ ስድስት ዓመቷ ነው» አሉ። «ስትቀበር እኔና ፓስተሩ ብቻ ነበርን። ሚስ ኦፓል ይበሉኝ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለኝ።»

እንየው ይህን ወደደው። ማዕርግን ከአባት ስም ሳይሆን ከራስ ስም ጋር ማስኬድ! ወይዘሮ ኦፓል እንደ ማለት አይደለም? በዚህ በኩልስ ቴክሳስ ወሎን ይመስላል ብሎ አሰበ። ደስ ሲለው ጥንቃቄውን ይረሳልና፣ ለምን እንደ መጣ ሲጠይቁት ሰማያዊውን መጽሐፍ ከኮቱ ኪስ ሳብ አድርጎ ጉልበታቸው ላይ አኖረው።

ሚስ ኦፓል እጃቸውን እሳት እንደ ነካው ሰበሰቡ።

«ይህ ሲወጣ ሦስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ትምህርት ቤት ስገባ የዶራ ልጅ ነበር የሚሉኝ። እናቴ ዶራ አይደለችም፤ ኮራ ናት። ደራሲው አንድ ፊደል ለወጠና የፈጠራት መሰለው፤ ከተማው ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አልኮበለለችም እኮ! ሰማንያ ዓመት እዚሁ ኖራ እዚሁ ሞተች። በባቡር ሄዳ አታውቅም። ሰዉ በየቀኑ በመንገድ እያያት መጽሐፉን አመነ።» ከዚያ ቀና ብለው እንየውን አዩት። «በእርስዎ ቋንቋ ስንት ሰው ያነበዋል?»

እንየው መምህር ነውና ቁጥር ሲጠየቅ ይኮራል። «አገራችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት!» አለ፤ ናኦሚም ሳታጎድል አደረሰች። ፊታቸውን ሲያይ ነው ምን እንዳለ የገባው።

«እዚህ ያሉት ሞተው ሲያልቁ የእናቴ ስም ያርፋል ብዬ ነበር» አሉ። «እርስዎ መቶ ሚሊዮን ሊጨምሩባት ነው። እባክዎ ይተዉአት። ያንን ምዕራፍ ያውጡት።»

እንየው መጽሐፉን ከጉልበታቸው አነሣ። ተርጓሚ የሰው ቃል በአደራ የተቀበለ ሰው ነው፤ ማከል አይችል፣ መቀነስ አይችል። ቢቀንስስ ምን ይጠቅማል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እንግሊዝኛው እንደ ሆነ እዚያው አለ። ግን እኚህን ሴት እንዲህ ብሎ አይመልሳቸው ነገር አንጀቱ እምቢ አለ። ስለዚህ እንቅልፍ የነሣውን ጥያቄ አወጣ።

«ሚስ ኦፓል፣ በዚያ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የዶክተሩ ስልክ ጮኾ ነበር። መጽሐፉ ራሱ ነው የሚለው። እናትዎ ከማገናኛው ከተነሡ፣ ስልኩን ማን አገናኘው?»

ናኦሚ ተርጉማ ስትጨርስ አሮጊቷ የወንበሩን እጀታ ያዙ።

«ዘጠና ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጠና ዓመት ይህን የጠየቀ ሰው የለም። የዶክተሩ ሚስት ናት።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጡት። የቶሊቨር ማገናኛ ስድሳ አራት መስመር ነበረው። ስድሳ ሦስቱ ከሐዲዱ ወዲህ፣ አንዱ ከሐዲዱ ወዲያ። ከሐዲዱ ወዲያ ያሉት በሰው ጥጥ የሚሠሩ ጥቁሮች ናቸው፤ ያ አንድ ስልክ ጥጥ መዳመጫው አጠገብ ካለች ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ለሁሉም ያገለግል ነበር። በወጉ እነሱን ሚስተር፣ ሚስስ ብሎ የሚጠራ አልነበረም፤ ሽማግሌው «አንክል»፣ አጎቴ፣ ይባላል፣ ሌላው በባዶ ስሙ። ኮራ ግን በማዳመጫዋ ውስጥ ድምፃቸውን ስለምታውቅ ስማቸውን ታውቅ ነበር። በሽታው ሲጠና ዶክተር ሃልሲ ለስምንት ቀን አልተኛም። በዘጠነኛው ቀን ወደ ማገናኛው ክፍል ወጥቶ፣ «ከሐዲዱ ወዲያ የሚመጣውን እንዳታገናኚልኝ። ለሁሉም አልዳረስም» አላት። ኮራ ያን ቀንም አገናኘች። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዶክተሩ ከከንቲባው ጋር መጣ። ማዳመጫውን ከራሷ ላይ ያወለቀው በገዛ እጁ ነው። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ኮራ ቅርጫት ይዛ ሐዲዱን ተሻገረች፤ አሥራ ሰባት ቀን ውኃና ሾርባ እየተሸከመች ከርማ ስትመለስ በር የሚከፍትላት ጠፋ። መጀመሪያ በሽታውን ፈርተው ነው። በኋላ፣ ለምን እንዳልከፈቱላት ምክንያት ማግኘት ነበረባቸው።

«በቤታችን ስልክ አስገብታ አታውቅም» አሉ ሚስ ኦፓል። «እኔም ያስገባሁት እሷ ከሞተች በኋላ ነው።»

እንየው ነጠላውን ወደ አፉ ሰበሰበ። ሠላሳ ዓመት ለተማሪዎቹ አንድ ምስክር አይበቃም፣ ሁለተኛውን ፈልጉ ሲል ኖሯል። እነሆ ሁለተኛው ምስክር የደራሲው የራሱ መጽሐፍ ነው። ደራሲው የዶክተሩ ልጅ ነው፤ ልጅ የአባቱን እርቃን መሸፈኑ የኖኅ ልጅ ወግ ነው፤ የሸፈነው ግን በሰው ልብስ ነበር። ስሟን ገፎ የወሰደባት ልጅ ደግሞ እርቃኗን ቀረች። እንየው ተናደደ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የወደደው ሰው ስለ ነበር ይበልጥ ተናደደ።

«ያ ማጨጃው ላይ ያለው» አሉ ሚስ ኦፓል በአገጫቸው ወደ ሽማግሌው እያመለከቱ፣ «የዶክተሩ የልጅ ልጅ ነው፤ ሃልሲ። ክፉ ሰው አይደለም። የእናቴን ሣር በየዓመቱ ዙሪያውን አሳምሮ ያጭዳል። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።»

እንየው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለና አዲስ አበባ ደወለ። እዚያ መሽቶ ነበር።

«ጋሽ እንየው፣ መቅድሙን ሊልኩልኝ ነው?» አለች ዓለምሸት።

ነገራት። የኮራን እውነት መቅድሙ ላይ ሊጽፈው እንዳሰበም አከለ። አላቋረጠችውም፤ ሲጨርስ ግን በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ የጠየቅሁዎት ጥጥና ባቡር ነው።»

«ጥጡም አለበት፣ ባቡሩም አለበት። የጎደለው ሰዉ ነበር።»

«አንባቢ እኮ መጽሐፉን የሚገዛው ዶራን ሊረግም ነው። እርስዎ በደጃፉ ላይ ካነጿት ውስጡ ገብቶ ምን ያደርጋል?»

«እሱን ነው እኔም ማየት የፈለግሁት።»

«ጋሽ እንየው፣ ልንገርዎት። ይህን መቅድም የማይሆን ነው አልልም። ግን ሌሎቹ ባልደረቦቼ ማየት አለባቸው፤ የሰኞው ተራ ለሌላ መጽሐፍ ይሰጣል። ቀጣዩ ተራ ከዓመት በኋላ ነው። ዓመትም ቆይቶ ላይሆን ይችላል። በጥጥና በባቡሩ ከሄድን ግን ሰኞ እንገባለን።»

እንየው አጥሩን ተደገፈ። ደሴ ያሉት ጓደኞቹ በየሳምንቱ «ወጣ ወይ?» እያሉ ይጽፉለታል። ሽፋኑ ላይ ስሙ ታትሞ በፎቶ ተልኮለታል፤ የሺሐረግ ስልኳ ላይ ለጥፋዋለች። ዕድሜው ደግሞ ዓመት እንደ ልብ የሚዘገንበት አይደለም። ወደ ዛፉ ዞሮ አየ። ናኦሚ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ንፍሮ በወረቀት ሳሕን ለሚስ ኦፓል ስታቀርብ፣ እሳቸውም አንድ ሽምብራ በጣታቸው ሲመረምሩ አየ።

«የሰኞው ይለፈኝ» አለ። «ይለፈኝ ዓለምሸት። የሰው ስም ነው።»

ሲመለስ መጽሐፉ እውነቱን ይዞ እንዲወጣ ዓመት መቆየቱን ለናኦሚ ነገራት፤ እሷም ለአሮጊቷ አደረሰች። ሚስ ኦፓል ንፍሮውን ዋጡ። «ጨው ቢጨመርበት ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለውም ሳይማረሩ፣ «የሚመጣው ዓመት ደኅና ዓመት ይሆናል። እኔ ግን ዘጠና ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ።

እንየው መጽሐፉን ለእሳቸው ሲል አዘግይቶ፣ ለእሳቸው የሚደርስ ነገር አለማግኘቱ አቃጠለው። ወደ መቃብሩ ድንጋይ አየ። ስምና ሁለት ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው ያለበት።

«እናትዎ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ተነቦ ነበር?»

«ላይክ... ዩሎጂ?» አለች ናኦሚ።

«እኔ እንጃ ምን እንደሚሉት። እኛ አገር ሰው ሳይነበብለት አፈር አይገባም። ከማን እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ማንን ትቶ እንደ ሄደ።»

ሚስ ኦፓል ሲነገራቸው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ፓስተሩ አንድ መዝሙር አንብቦ፣ ዝናብ ነበርና ቶሎ ሄደ።

እንየው ሰባተኛውን ደብተር አወጣ። ከጀርባው ባዶ ቅጠሎች ነበሩ። ጥያቄውን ጀመረ፤ የአባታቸው ስም ማን ነው፣ የእናታቸውስ፣ ስንተኛ ክፍል ደረሱ፣ በምን ሥራ ኖሩ። አሮጊቷ አንዳንዱን ወዲያው፣ አንዳንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው መለሱ። ዓመቱን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እየቀየረ ጻፈ። ሲጨርስ ፀሐይዋ ከዛፉ በላይ ሆናለች፤ ሰዉም ለምሳ ወደ ጠረጴዛው መሰብሰብ ጀምሯል። እንየው ነጠላውን አስተካክሎ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመ። ናኦሚ አጠገቡ ቆመች።

ደሴ መቃብር ላይ ሲያነብ በለመደው ድምፅ፣ ከፍ አድርጎ ጀመረ።

«የወይዘሮ ኮራ ሜይ ፒንክስተን አጭር የሕይወት ታሪክ። ወይዘሮ ኮራ ከአባታቸው ከአቶ ጄምስ ፒንክስተን፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉላ ሪድ፣ በሚያዝያ ወር 1891 ዓመተ ምሕረት በቶሊቨር ከተማ ተወለዱ።»

ናኦሚ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ዘወር አሉ። አንዲት ሴት ሳሕኗን አስቀመጠች።

«ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በከተማው የስልክ ማገናኛ ሥራ ተቀጥረው በቅንነት አገለገሉ። የስድሳ አራቱን መስመር ሰው ሁሉ በድምፁ ያውቁት ነበር።»

ማጨጃው ገና እየጮኸ ነው። ሰዎች እየቀረቡ ክብ ሠሩ። ሽማግሌው ሃልሲ ክቡን አይቶ ሞተሩን አጠፋና በእግሩ መጣ፤ ከኋላ ቆመ። እንየው አየው፤ አላቆመም።

«በ1911 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ታላቁ በሽታ ሲገባ፣ ከሐዲዱ ማዶ ላሉት ሕሙማን ስልክ እንዳያገናኙ ከዶክተር ሃልሲ ታዘዙ። ወይዘሮ ኮራ ግን አገናኙ።»

ናኦሚ አልተረጎመችም። ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እዚህ ነው፤ ግራንድሰኑ። ይሄን ስኪፕ ላድርገው?»

«እኔ በሰባት ደብተር አንድ ቃል ዘልዬ አላውቅም» አለ እንየው። «አንቺም አትዝለይ።»

ናኦሚ ቀና ብላ፣ አንድ በአንድ፣ የዶክተሩን ስም ሳታሳንስ ተረጎመችው። ሰዉ ውስጥ አንድ ነገር አለፈ፤ አንዳንዱ ወደ መሬት፣ አንዳንዱ ወደ ሽማግሌው አየ። ሃልሲ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ከሥራቸው በግድ ከተነሡ በኋላ ሐዲዱን ተሻግረው ለአሥራ ሰባት ቀን ሕሙማንን አስታመሙ። ከዚያ በኋላ በልብስ ማጠብና በመተኮስ ሥራ ራሳቸውን አስተዳደሩ። ወይዘሮ ኮራ ከትውልድ ከተማቸው ለአንድም ቀን ኮብልለው አያውቁም። በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በየካቲት ወር 1971 ዓመተ ምሕረት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወይዘሮ ኮራ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ለልጃቸው ለወይዘሮ ኦፓል መጽናናትን እንመኛለን።»

ደብተሩን ዘጋ። ቀጥሎ የሚሆነውን አገሩ ማንም ያውቀዋል፤ ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ ሐዘንተኛውን ይስማል። እዚህ ግን ያንን የነገራቸው የለም። ሁሉም እጁን ማስቀመጫ አጥቶ ቆመ። እንየው ነገሩን ያበላሸው መሰለው። ሚስ ኦፓል ከወንበራቸው ላይ ሆነው ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

ሽማግሌው ሃልሲ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰዉን በትከሻው ከፈል እያደረገ መጣ፤ ጉልበቱ ያመዋል መሰል ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ከአሮጊቷ ወንበር ፊት ሲደርስ፣ እንየው ጠዋት እንዳደረገው፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ሚስ ኦፓል፣ ስለ እናትዎ በጣም አዝናለሁ» አለ።

ከኋላው ሌላ ሰው ቆመ፤ ከዚያ ሌላ፤ ሰልፉ እስከ ጠረጴዛው ደረሰ።

ሚስ ኦፓል ሃልሲን አየት አደረጉት።

«ዘገያችሁ» አሉ። እጃቸውን ግን ሰጡት።